መልካም ሰው መሆኔን ማንም አልጠየቀኝም

ይህ ጽሑፍ ለጥምቀት አዲስ አበባ በመጣሁበት ሰሞን በአይቲ ሙያ ላሉ ልጆች፣ በሙያ ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ ስለሚደረገው የዲግሪና የሥራ ልምድ ግምገማ የተናገርኩት ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኩት ጥቂቱን ጨምሬያለሁ። አነጋገሬን ግን ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ስላይድ የለኝም። የያዝኩት አንድ ወረቀት ነው፣ ላንብብላችሁ። አጭር ናት፣ አታሰለችም።

«ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ እገሌ በድርጅታችን ከ01/02/2008 ጀምሮ በአይቲ ኦፊሰርነት የሥራ መደብ እያገለገሉ የሚገኙ ሲሆን፣ የሚሰጣቸውን ኃላፊነት በታማኝነትና በትጋት የሚወጡ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው ሠራተኛ መሆናቸውን እየገለጽን፣ ለወደፊቱም መልካም የሥራ ዘመን እንዲሆንላቸው እንመኛለን። ከሰላምታ ጋር።»

ሳቃችሁ። ግማሻችሁ ቤት ፋይል ውስጥ ይቺው ወረቀት ስላለች ነው የሳቃችሁት። ስሙና ቀኑ ይቀየራል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። እኔ ይቺኑ ወረቀት በእንግሊዝኛ አጽፌ፣ አርማ ባለው ወረቀት፣ ከነቲተሩ ከነክብ ማኅተሙ ወደ አውስትራሊያ ላክኋት። ማኅተሙ እንዴት ቁልጭ ብሎ እንደወጣ! ከሳምንታት በኋላ መልስ መጣ። ዲግሪህ ታውቋል ይላል። ሥራህ ግን በቂ ዝርዝር ስለሌለው ሊገመገም አልቻለም ይላል። አምስት ዓመት ተኩል የሠራሁት ሥራ! ሲስተም በወደቀ ቁጥር በውድቅት ሌሊት ኮንትራት ታክሲ ይዤ የሮጥኩበት ሥራ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ለጓደኞቼ ሁሉ ስንት ነገር አወራሁ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ወረቀቷን ቁጭ ብዬ እንደ ባዕድ ሰው አነበብኳት። ታማኝ ነው ትላለች። ትጉህ ነው። ሥነ ምግባር አለው። እሺ፣ ይህ ሰው ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ምን ሲሠራ ይውላል? አንድም ቃል የለም። ኮድ ይጻፍ፣ ኮምፒውተር ይሽጥ፣ ገመድ ይዘርጋ አይታወቅም።

የኛ አገር የሥራ ልምድ ወረቀት የሽማግሌ ቃል ነው። «ልጁን እናውቀዋለን፣ አያሳፍራችሁም» ነው የሚለው። እዚህ ይሠራል፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ድርጅቱን ያውቀዋል፣ ካልሆነም ስልክ ደውሎ ያጣራል። ሲድኒ ቁጭ ብላ ፋይሌን የምትገመግም ሴት ግን ድርጅቱንም ሰፈሩንም አታውቅ። ጠባዬም አያስጨንቃትም። እሷ የምትፈልገው የሠራሁትን ነው፣ ሥራው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ ለእሷ አልተሠራም። ዛሬ የመጣሁት ይሄንን ልነግራችሁ ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ለመሆኑ ገምጋሚው ማን ነው? የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ማኅበር ነው፤ ሁሉም ኤሲኤስ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ የሙያ ማኅበር ነው እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ቪዛ አይሰጥም። ቪዛ የሚሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው፣ እሱ ደግሞ «አይቲውን እናንተ እዩልኝ» ብሎ ለማኅበሩ ሰጥቶታል። የማኅበሩን ደብዳቤ ሳትይዙ በሙያ የሚገባበትን መንገድ አትጀምሩትም። ቁጥር 189 የሚባለው ራሳችሁን ችላችሁ የምታመለክቱበት ቪዛ ነው፣ 190 የክልል መንግሥት ድጋፍ ያለበት፣ 491 ደግሞ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጪ ለመኖር የሚሰጠው ነው። ሦስቱም መጀመሪያ ይቺን ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤዋ የምታገለግለው ለ2 ዓመት ነው፣ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፈተናችሁ ሳይደርስ፣ በዕድሜ፣ በእንግሊዝኛና በሥራ ልምድ የሚሰበሰበው የቪዛ ነጥባችሁ ሳይሞላ ተቻኩላችሁ ብታወጧት መሳቢያ ውስጥ ታረጃለች።

ደንቡ ይቀያየራል፣ ይሄን ልብ በሉ። የምነግራችሁ እኔ ያለፍኩበትን ነው። ከማመልከታችሁ በፊት የዕለቱን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ የጓደኛ ጓደኛ በቴሌግራም የላከውን አይደለም።

ማመልከቻው ሲጀመር የሥራ ኮድ ትመርጣላችሁ። አንዝስኮ የሚባል የሙያዎች መዝገብ አለ፣ እያንዳንዱ ሙያ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አለው። ሶፍትዌር ኢንጂነር 261313 ነው። ዴቨሎፐር ፕሮግራመር 261312። የቢዝነስ አናሊስት 261111። የኔትወርክና ሲስተም ኢንጂነር 263111። ከቁጥሩ ሥር ያ ባለሙያ ምን ምን እንደሚሠራ ተዘርዝሯል። የኛ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ኮዱን የሚመርጠው በመደቡ ስም ነው።

የመደብ ስም እኛ ጋ ምን ዋጋ አለው? ባንክ ውስጥ «አይቲ ኦፊሰር» የተባለ ሰው ወይ ኮድ ሲጽፍ ይውላል፣ ወይ ኤቲኤም ሲያስጠግን፣ ወይ ፕሪንተር ወረቀት ነከሰብኝ ያለችውን ቴለር ሲረዳ። ሦስቱም አይቲ ኦፊሰር ናቸው፣ እዚያ መዝገብ ላይ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኮዱን በምትሠሩት ምረጡ። የአንድ ወር ሥራችሁን ማታ ማታ ጻፉት፣ ምን ሠራሁ፣ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ ብላችሁ፤ ከዚያ መዝገቡን አንብቡ፣ የትኛው እናንተን እንደሚመስል ይታያችኋል። እኔ ራሴ ሳደርገው ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ እያልኩ ከቀኔ ሲሶው በፕሪንተር እንደሚሄድ ያወቅኩት ያኔ ነው። አያስቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ለቴሌኮም ልጆች። የቴሌኮሙኒኬሽን ኢንጂነር የሚለውን ኮድ፣ 263311ን ማለቴ ነው፣ የሚገመግመው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ የሚባል ሌላ ተቋም ነው። የኔትወርክ ኢንጂነሩን ደግሞ ኤሲኤስ። ወረቀቱ ሌላ፣ አሠራሩ ሌላ። መጀመሪያ ይሄን ሳትለዩ ብር አታውጡ።

ወደ ዲግሪው እንሂድ። የሚጠየቀው ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ እጁን ያውጣ። አያችሁ! እንደምታውቁት ያንን የትምህርት ወጪ ዕዳ ሳትጨርሱ ሬጅስትራር ዋናውን ዲግሪ አይሰጣችሁም፣ በቴምፖ (በጊዜያዊው ዲግሪ) እና በስቱደንት ኮፒ ነው ዕድሜያችሁን የምትገፉት። እዚህ አገር ሥራ ለመቀጠር ቴምፖ ይበቃል፣ ስለዚህ ማንም አይቸኩልም። አሁን ቸኩሉ። ዕዳው ከጊዜ ጋር ትንሽ ይመስላል፣ መመላለሱ ግን አይቀንስም፣ በተለይ የተማራችሁት ክፍለ ሀገር ከሆነ። እኔ ለአንድ ፊርማ አሥር ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ሄጄ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ አድሬያለሁ።

ገምጋሚዎቹ ትራንስክሪፕቱን የሚያዩት ኮርስ በኮርስ ነው። ውስጡ ምን ያህል የአይቲ ትምህርት አለ፣ እሱስ ከመረጣችሁት ኮድ ጋር ይቀራረባል ወይ ነው ጥያቄው። ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የጨረሳችሁ ብዙ አትጨነቁ። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት የለፋችሁት ግን ስትሪማችሁ፣ መጨረሻ ላይ የመረጣችሁት ዘርፍ ማለቴ ነው፣ ወሳኝ ነው። ኮምፒውተር ስትሪም የወሰደና ፓወር የወሰደ ሰው ዲግሪያቸው ላይ ስሙ ተቀራራቢ ነው፣ ትራንስክሪፕቱ ሲገለጥ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

አሁን የሚያመው ቦታ ደረስን። ቅነሳው።

ኤሲኤስ ከሥራ ልምዳችሁ ላይ ይቀንሳል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጡ ገና ባለሙያ አይደላችሁም፣ ጥቂት ዓመት ስትሠሩ ነው ባለሙያ የምትሆኑት፣ የሚቆጠርላችሁም ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዲግሪያችሁ የአይቲ ሆኖ ከኮዱ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ከሆነ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ከሠራችሁት 2 ዓመት ይወሰዳል። የአይቲ ሆኖ ከኮዱ ጋር ካልተዛመደ 4 ዓመት። የአይቲው ድርሻ አነስ ካለ 5 ወይም 6። ዲግሪው ከነጭራሹ አይቲ ካልሆነ ደግሞ 6 ዓመት፣ ምንም ዲግሪ የሌለው 8። አንድ ዲግሪ፣ አንድ ሥራ፣ ግን የተለያየ ኮድ ስለመረጣችሁ ብቻ 2 ዓመት ወይ 4 ዓመት ልታጡ ትችላላችሁ። ኮድ ምረጡ ስላችሁ የነበረው ለዚህም ጭምር ነው።

ይሄ ነጥብ ላይ ምን ያደርጋል? ከአውስትራሊያ ውጪ የተሠራ ሥራ 3 ዓመት ሲሞላ 5 ነጥብ ያስገኛል፣ 5 ዓመት ሲሞላ 10፣ 8 ዓመት ሲሞላ 15። እኔ ስቆጥር 5 ዓመት ከ7 ወር ነበረኝ። 10 ነጥብ ብዬ በቁርጥ ይዤዋለሁ፣ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ። 2 ዓመት ሲነሳ 3 ዓመት ከ7 ወር ቀረ፣ ነጥቡም 5 ሆነ። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ያካካስኩት ያኔ ነው፤ አይኤልትስ በየዘርፉ 7 ብታመጡ 10 ነጥብ ነው፣ 8 ብታመጡ 20። አንዳንዱ ሰው የሥራ ልምድ እስኪሞላለት ሁለት ዓመት ይጠብቃል፣ ይሄን ጊዜ ዕድሜው ከ32 ያልፍና ከዕድሜ 5 ነጥብ ይጎድልበታል። 45 ከሞላችሁ ደግሞ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ከመጠበቅ ማጥናት ይሻላል፣ ስድስት ወር ጠዋት ጠዋት ጽሑፍ መለማመድ ሁለት ዓመት ሥራ ያላመጣልኝን ነጥብ አምጥቶልኛል። ዝቅተኛው 65 ነው ይባላል፣ 65 ማለት ግን ወረፋው ላይ መቆም ማለት ነው እንጂ መግባት አይደለም። በአይቲ ሙያ ፉክክሩ ከዚያ በላይ ነው።

አሁን ወረቀቱን እንጻፈው። አርማ ባለው የድርጅቱ ወረቀት ላይ ይሆናል። የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነት፣ ስልክና ኢሜይል ይኖረዋል። የገባችሁበት ቀን፣ የወጣችሁበት ቀን፣ ገና ካልወጣችሁ ደግሞ «እስካሁን እየሠሩ ነው» ተብሎ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን። በሳምንት ስንት ሰዓት። በየት አገር። ማኅተሙን አድርጉት፣ ክፋት የለውም፤ ለኛ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይመስለንም፣ እነሱ ግን ማኅተም ሲያዩ ልባቸው አይደነግጥም።

ከዚያ ሥራው። «በሶፍትዌር ልማት ላይ ተሳትፏል» አትበሉ። መሳተፍ ምንድን ነው? ለቅሶም ላይ እንሳተፋለን። ሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ ያሰፈርነው በግምት እንዲህ ይላል፤ የብድር ማመልከቻ የሚመዘገብበትን ሲስተም በጃቫ ጽፏል፤ ሲስተሙን ከኮር ባንኪንጉ ጋር የሚያገናኘውን ኤፒአይ ሠርቷል፤ ዳታቤዙን በኦራክል ነድፏል፣ ሪፖርት ለማውጣት ብዙ ደቂቃ የሚፈጁትን ኪዩሪዎች አስተካክሏል፤ ከብድር ክፍል ጋር ተቀምጦ ፍላጎታቸውን ሰብስቦ በጽሑፍ አስፍሯል፤ የሁለት ጀማሪ ፕሮግራመሮችን ኮድ ይገመግማል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ግስ አለ፣ ዕቃ አለ። ምን አደረገ፣ በምን አደረገ። በዚያ ላይ የትኛው ሥራ ከጊዜው ምን ያህሉን እንደሚወስድ በመቶኛ አስቀምጠናል። ፕሪንተሩንም አልደበቅንም፣ ትንሽ ድርሻ ሰጥተን አስገባነው፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ኃላፊው ያንን ሥራ ለሌላ ሰው አዙሮልኝ ነበር።

የአንዝስኮን ዝርዝር ገልብጣችሁ እንዳትለጥፉ። ያንን ጽሑፍ በየቀኑ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው የሚገመግሙት፣ ከእናንተ ይልቅ በቃላቸው ያውቁታል።

ደብዳቤውን ማን ይጽፈዋል? የሰው ኃይል ክፍሉ አይጽፈውም፣ እንቅጩን ልንገራችሁ። እሱ ያለው አንድ ፎርም ነው፣ ስምና ቀን ይቀይራል። ዝርዝሩን ራሳችሁ አርቅቁና ለቅርብ አለቃችሁ ስጡት። ያንብበው፣ ያልሠራችሁትን ይሰርዝ፣ የረሳችሁትን ይጨምር። ከዚያ በፊርማው ወደ ሰው ኃይል ይሂድ። እኔ ሁለተኛውን ለማጻፍ አንድ ወር ነው የፈጀብኝ። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሃል? ታማኝነቱን ለምን አወጣኸው?» አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ እውነት አዝኖልኝ ነው። ያለ ታማኝነት ወረቀት ሲሰጠኝ ስሜን ያጠፋ መስሎት ነው። በስንት ልመና ፈረመልኝ፣ ግን «ታታሪ» የምትለዋን ቃል መጨረሻ ላይ በእጁ ጨመራት። ተውኳት።

ቀኑን እስካሁን አላነሳሁትም። 01/02/2008። ይሄ ምንድን ነው? ለኔ ጥቅምት 1 ቀን 2008 ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 12 ቀን 2015 ማለት ነው። ለአውስትራሊያዊ አንባቢ ግን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2008 ነው። ዲግሪዬ ላይ የተመረቅኩት በ2015 ይላል። ስለዚህ ያቺ ሴት ስታነበው ከመመረቄ ሰባት ዓመት በፊት፣ ገና ሃይስኩል ሳለሁ፣ በአይቲ ኦፊሰርነት ተቀጥሬያለሁ ማለት ነው! ሌላ አገር ቢሆን ሐሰተኛ ማስረጃ ይባላል። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ ያዞረው ሰው ቃሉን ሁሉ አዙሮ ቀኑን እንዳለ አስቀመጠው።

ስለዚህ ቀን ሁሉ በፈረንጅ ይሁን፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። ኢ.ሲ. እና ጂ.ሲ. የሚሉትን ምህጻሮች ተዉአቸው፤ እነሱ ጋ ማንም አያውቃቸውም። (እኛ ራሳችን ጂሲ ሲባል ትዝ የሚለን የምረቃ ዓመት ተማሪ ነው።) የግድ የኛ ቀን ያለበት የድሮ ሰነድ ካላችሁ፣ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ የሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍበት። አስራ ሦስት ወር እንዳለንም አንድ መስመር ማብራሪያ አይጎዳም። ጳጉሜን ላይ የተቀጠረ ጓደኛ አለኝ፣ የሱን ታሪክ ሌላ ቀን።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁበት አያልፍም። ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጉት፣ ከዚያ ወዲያ አትቀያይሩት። ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ፊደል የተጻፈ ስም ያላችሁ ስንት ናችሁ? ሁላችንም። ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ማረጋገጫ አስቀድማችሁ አሠሩ።

የደመወዝ ማስረጃም አትርሱ። ቪዛውን የሚያየው መሥሪያ ቤት ሥራውን መሥራታችሁን ብቻ ሳይሆን ተከፍሏችሁ መሥራታችሁንም ማየት ይፈልጋል። የባንክ ስቴትመንት፣ የግብርና የጡረታ መዋጮ ማስረጃ አሰባስቡ። የጡረታው መዝገብ እኛ ብዙም የማናስታውሰው ጥሩ ምስክር ነው፤ አሠሪው በየወሩ ሲከፍል ከኖረ ስማችሁ አለ። ደመወዙን በእጅ የሚከፍል ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በባንክ ይግባልኝ በሉ።

ዲግሪያችሁ አካውንቲንግ ሆኖ ፕሮግራመር የሆናችሁ፣ አላችሁ እዚህ፣ አውቃለሁ። ለእናንተ ልምድን በሪፖርት የማስመዘን መንገድ አለ፣ አርፒኤል ይሉታል። የሠራችኋቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች በዝርዝር ትጽፋላችሁ፣ አንዱ ባለፉት 3 ዓመታት የተሠራ፣ ሌላው ባለፉት 5። የምታውቁትን ነገር ከየት እንዳወቃችሁትም ታስረዳላችሁ። ከባድ ነው፣ ግን ሐቀኛ መንገድ ነው፣ እኔ ከዲግሪው ይልቅ ይሄኛውን አከብረዋለሁ። ችግሩ ይሄን ሪፖርት እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች መብዛታቸው ነው። አንዱን ሪፖርት ስም እየቀየሩ ለብዙ ሰው ይሰጡታል። ማኅበሩ ደግሞ በሶፍትዌር ያመሳክራል፣ የተቀዳ ሆኖ ሲገኝ ማመልከቻው ይወድቃል፣ ጉዳዩም ለቪዛው መሥሪያ ቤት ይነገራል። እዚያ 4020 የሚባል አንቀጽ አለ። ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሃል ከተባለ ሦስት ዓመት ቪዛ ልትከለከል ትችላለህ። የተገዛ የሥራ ልምድ ወረቀትም ያው ነው። ደላላው ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ሦስቱ ዓመት የእናንተ ነው። አማካሪ ከፈለጋችሁ አውስትራሊያ ውስጥ በክፍያ የሚያማክር ሰው በሕግ የተመዘገበ ወኪል ወይም ጠበቃ መሆን አለበት፣ የወኪሎቹ ስም ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። ስሙን ፈልጉት። ከሌለ «ወንድሜ አክባሪህ ነኝ» ብላችሁ ተሰናበቱት።

ክፍያው በካርድና በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ያው ውጭ ያለ ዘመድ ይታሰባል። ይሄን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ ጥያቄ።

የመጀመሪያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ በጂኤነት (በጀማሪ ረዳት መምህርነት) ጀምሮ አሁን ሌክቸረር ነው፣ ሰባት ዓመት ፕሮግራሚንግ አስተምሯል። ይቆጠርልኛል ወይ አለ። በሶፍትዌር ኢንጂነርነት? አይቆጠርም። ማስተማር ሌላ ሙያ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የራሱ ኮድ አለው፣ የሚገመግመውም ቬታሴስ የሚባል ሌላ ተቋም ነው። በትርፍ ሰዓትህ ለደንበኛ ሲስተም ሠርተህ ከነበረ እሱን ለብቻው አስረዳ፣ ግን በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች ከሆነ አይቆጠርም። ፊቱ ሲከፋው አየሁ፣ ምን ላድርግ።

ሌላዋ የሠራሁበት ስታርት አፕ ተዘግቷል፣ ማን ይጻፍልኝ አለች። የድሮ አለቃሽን ፈልጊው። አብሮሽ የሠራ ሰው ሥራሽን ዘርዝሮ በቃለ መሐላ ማረጋገጥ ይችላል፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈርማል። ከሱ ጋር ደግሞ የቅጥር ውልሽን፣ የባንክ ስቴትመንትሽን አያይዢ። ድርጅት ይዘጋል፣ ሰው ይገኛል፤ አለቃሽ ካናዳ ቢሆንም እዚያው መፈረም ይችላል።

ፍሪላንስ የሚሠራ ልጅ ነበር። ንግድ ፈቃድ አለህ? ቲን ነምበር? የለኝም አለ። የደንበኞችህን ውል፣ የላክህላቸውን ደረሰኝ፣ ገንዘቡ የገባበትን ባንክ፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ ደብዳቤ ሰብስብ፤ ከባድ ነው፣ ግን ተሞክሮ የተሳካለት አውቃለሁ። ፈቃዱን ግን ነገ አውጣ።

ለምን አውስትራሊያ ብቻ፣ ካናዳና ጀርመንስ ያለም አለ። ልክ ነው። ካናዳ ትምህርቱን ነው የሚያስመዝነው፣ ደብልዩኢኤስን የመሰሉ ተቋማት ያዩታል፤ ሥራውን ግን የሚያየው የኢሚግሬሽን መኮንኑ ራሱ ነው፣ የሚያየውም እንዲሁ በደብዳቤ ነው። ጀርመን ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ዲግሪ የሌለው የአይቲ ሰው ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ የ3 ዓመት ልምድ ካለውና ሥራ ካገኘ ብሉ ካርድ የሚባለውን የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲወስድ ፈቅዷል፤ የደመወዝ ወለል አለው። የትም ብትሄዱ ግን ያቺ «በታማኝነትና በትጋት» የምትል ወረቀት አታሻግራችሁም።

መጨረሻ የጠየቀችው ልጅ ከኋላ ነው የተነሳችው፣ ባንክ ነው የምትሠራው። «ዝርዝር ደብዳቤ ስጠይቅ ልትሄድ ነው ይላሉ። ዕድገቴን ይከለክሉኛል» አለች። አዳራሹ በሙሉ አጉረመረመ፣ የሁሉም ጥያቄ ነበር መሰለኝ።

እውነት ነው፣ ይላሉ። ግን ሕጉን እወቂው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለምን ፈለግሽው የሚል ነገር የለበትም። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ነው የምትተዳደሩት፣ እናንተ ከክሊራንሱ ጋር ትታገላላችሁ። አንቺ ግን ሕጉን ይዘሽ አትሂጂ፣ ሕግ ይዞ የሄደ ሰው ይጠመዳል። በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ አብሮ አስጽፊው። ዓመቱ ሲያልቅ አለቃሽ የሠራሽውን ያስታውሳል፣ ቅጹ ፊቱ ነው፣ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። አለቃ ሲቀየርም አሮጌው ሳይሄድ አስፈርሚ። እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ ለማግኘት ወር የፈጀብኝ መጀመሪያ የቀጠረኝ አለቃ ለቆ ስለነበር ነው። የሠራሁትን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ማታ ማታ ስልክ እየደወልኩ ነው የኮዱን ታሪክ ያስታወስኩት።

«ለማን ይጻፍልሽ ቢሉኝስ?» አለች። ይሄ ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ያለ ጥያቄ ነው፣ ለኤምባሲ ነው፣ ለባንክ ብድር ነው፣ ለማን ነው ሳይሉ ብዕር አያነሱም።

«ለሚመለከተው ሁሉ» በያቸው። ከድሮዋ ወረቀት እሷን መስመር ብቻ አንነካትም።